ኩንታሉ ስንት ቀን ይሂድ? የጎንደር የቤት ወጪ ክርክር

በኢንተርኔት ላይ ጥያቄና መልስ የተከታተለበትን ይህን የውይይት ክር የከፈተችው አንዲት የጎንደር ማራኪ ሰፈር ነዋሪ ናት። 6 ሰው ያለበት ቤት በቀን 10 እንጀራ፣ በወር 300 እንጀራ ይበላል። ከ1 ኪሎ ዱቄት 5 እንጀራ ከወጣ በወር 60 ኪሎ ያልቃል፤ ኩንታሉ 50 ቀን ይሄዳል ማለት ነው። ዱቄቱም፣ መብራቱም፣ ከሰሉም፣ ውሃውም አንድ ላይ ሲንሩ መጀመሪያ እጅ መያዝ የሚገባው የቱ ላይ እንደሆነ ጠየቀች። አንድ ነገር ግን አጥብቃ አሳሰበች፤ መልስ የሚሰጥ ሁሉ በብር ሳይሆን በኪሎ፣ በሰዓትና በሊትር ይስጥ፣ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለቅዳሜ ገበያ አይደርስምና። ክሩን ከመሰሎቹ የለየው ይህ ማሳሰቢያ ይመስለኛል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ፣ ጤፍ ስንት ገባ እያሉ የሚጀምሩ ክሮች በሳምንት ያረጃሉ።

መልስ 1 የጻፉት በአነጋገራቸው ዕድሜ የጠገቡ እናት ናቸው። ጠያቂዋን ልጄ እያሉ፣ የቤተሰቡ ሆድ ሳይጎድል ሊነካ የሚችለው ዱቄቱ ብቻ እንደሆነ አስረዱ። መጠኑ 2 እጅ ጤፍ፣ 1 እጅ ሩዝ ነው። ከወረታ የሚመጣውን የፎገራ ሩዝ ሙሉውን መግዛት አያስፈልግም፤ ስብርባሪው በዋጋ ይቀላል፣ ወፍጮ ደግሞ ሙሉና ስባሪ አይለይም። ሩዙ ከጤፉ ጋር ተቀላቅሎ ይፈጭ። ለብቻው ተፈጭቶ ቤት ሲቀላቀል ሻካራው ከቡሆው ሥር ይዘቅጣል፤ ከላይ የተቀዳው እንጀራ ስስ፣ የመጨረሻው ወፍራም ይሆናል።

መልስ 2 ምስጋና ነው። መልስ 3 ግን ከዚያም አልፎ ግማሽ በግማሽ ማድረግ እንደሚቻል፣ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ጻፈ። በመልስ 4 የመጣች ሴት ይህን በጨዋነት አረመችው። ልዩነቱ ትኩሱ ላይ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በማግሥቱ ነው። ሩዝ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፣ ከሢሶ ሲያልፍ ጠርዙ ይደርቃል፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ እንጀራ ደግሞ መሶብ ውስጥ ይቀራል፤ ቁጠባው እዚያው ተበላ ማለት ነው። ለሢሶውም ቢሆን መድኃኒቱ አብሲቱ ላይ ነው ብላ አሠራሩን ዘርዝራ አስቀመጠች፣ ከክሩ ሁሉ በጣም የወደድኩት ክፍል ይህ ነው። ቡሆው በ3ኛው ቀን ከላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋል። ለንጹሕ ጤፍ ከ10 ኩባያ ሊጥ 1 ኩባያ፣ ለቅይጥ 1 ኩባያ ተኩል ይወሰድና በ2 ኩባያ ውሃ ቀጥኖ እሳት ላይ ሳያቋርጡ ይማሰላል። ገንፎ እስኪሆን አይጠበቅም፤ አጥሚት መስሎ ሲንተከተክ ይወርዳል። ከዚያ እጅ እስኪችለው ይበርዳል። በትኩሱ የተመለሰ አብሲት እርሾውን ይገድለዋል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጥፋቱም በሩዙ ይሳበባል። ከተመለሰ በኋላ ሊጡ ኩፍ እስኪል ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይፈልጋል፤ በክረምት ብርድ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

መልስ 5 ስለ መተማ ማሽላ ነው። ማሽላም በሢሶ ይገባል፣ ነገር ግን ከሩዝ ይልቅ ቶሎ ስለሚደርቅ በዕለቱና በማግሥቱ ለሚያልቅ ቤት ብቻ ነው የሚመከረው።

ክርክሩ የሞቀው ከመልስ 6 ጀምሮ ነው። ጸሐፊው በየ2 ቀኑ የሚጋግር ቤት በየ4 ቀኑ ቢያደርገው የምጣዱ መብራት በግማሽ ይቀንሳል አለ። መልስ 7 ሒሳቡን ቁጭ አድርጎ ሠራው። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ነው እንበል። 1 እንጀራ ከማፍሰስ እስከ ማውጣት 3 ደቂቃ ቢወስድ 300ው 15 ሰዓት፣ ማለትም 52.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይህ በስንት ቀን ቢጋገር አይለወጥም። የሚለወጠው ማሟሻው ነው። ምጣዱ እስኪግል 18 ደቂቃ ቢፈልግ በየጊዜው 1.05 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። በወር 15 ጊዜ ለሚጋግር ወደ 16፣ ለ7 ወይም 8 ጊዜ ደግሞ ወደ 8 ይሆናል። ጠቅላላው ከ68 ወደ 60 ወረደ እንጂ አልተጋመሰም። ቀጥሎ ያስቀመጠው ነገር ደግሞ የበለጠ ያስገርማል፤ እንጀራው ከ3 ደቂቃ ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ቢወርድ በወር ከ8 በላይ ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል። ከምጣዱ አጠገብ ሳይነሱ መጋገር፣ በየ4 ቀኑ ከመጋገር እኩል ነው ማለት ነው።

መልስ 8 ተቆጣ። ሒሳብ ሠሪውን ኢንጂነሩ እያለ፣ ወረቀት ላይ የሚጋገር እንጀራ ገና እንዳላየ፣ የወር ቢል ላይ ግን ልዩነቱ እንደሚታይ ጻፈ። በመልስ 9 የመጣው ሽማግሌ መሳይ ሰው ሁለቱንም አበረደ። ክርክሩን ቆጣሪው ይፍታው፤ ከመጋገር በፊትና በኋላ ቁጥሩ ይነበብ፣ ያን ጊዜ ፍሪጅና ሌላ ምድጃ ይጥፋ፣ ልዩነቱ ለእንጀራው ብዛት ይካፈል። ለ1 እንጀራ ከ0.23 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ከመጣ አንድ ነገር እየፈሰሰ ነው። የሚፈስባቸውን ቦታዎችም ቆጠረ። አክንባሎው ጠርዙ ላይ ክፍተት ካለው እንፋሎቱ ይወጣል፣ እንጀራው ይዘገያል። ከሸክላው ሥር ሙቀት የሚይዝ ነገር የሌለው አሮጌ ምጣድ ብዙ ጉልበቱን ለወለሉ ይሰጣል፤ ከሥሩ የመስታወት ሱፍ ማስገባት ይቻላል፣ ፕላስቲክና ጨርቅ ግን በፍጹም። ማብሪያው የመጨረሻዎቹ 2 እንጀራዎች ሲቀሩ ይዘጋ፤ የጋለ ሸክላ ያወጣቸዋል። ምጣዱ በጎመን ዘር በደንብ ካልታሸ እንጀራው ይይዛል፣ ሲላጥ ጊዜም እንጀራም ይባክናል።

ስለ ምሽት የጻፈው ደግሞ ብዙዎቻችን የምናየው ግን ምክንያቱን የማንጠይቀው ነገር ነው። ሰው ሁሉ ሲያበራ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ የምጣዱ ጉልበት በዚያው ልክ ብቻ አይቀንስም፤ ወደ 2 ሦስተኛው ይወርዳል። 3.5ቱ 2.3 ኪሎዋት ይሆንና ምጣዱ እያለቀሰ ይጋግራል፣ ሲዘገይም ወደ አየር የሚያባክነው ይበዛል። ስለዚህ ማለዳ ወይም ከምሳ በኋላ ይጋገር።

መልስ 10 ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቃላቱ ያስታውቃሉ። የምጣድ ሽቦ ሲበጠስ የተቃጠለውን ቆርጦ ጥሎ ጫፍና ጫፉን መጠምዘዝ የተለመደ ጥፋት እንደሆነ ጻፈ። ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚስበው ይጨምራል። 3.5 ኪሎዋት ብቻውን ወደ 16 አምፒር ነው፣ ይህ የተራ ሶኬት ጣሪያ ነው። ከሽቦው 1 አሥረኛ ከተቆረጠ ወደ 18 ይጠጋል፤ ስፒናው ይለሰልሳል፣ የላስቲክ ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሶኬቱ ይነዳል። ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ ምጣዱም ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና የራሱ 20 ወይም 25 አምፒር ብሬከር ይኑረው። በማራዘሚያ ላይ ምጣድ የሰካ ሰው ስለ ቁጠባ ባያወራ ይሻለዋል ብሎ ቋጨ። ጠንከር ያለ ነው፤ ግን ትክክል ነው።

መልስ 11 ወደ 6ኛው ተመልሶ ትንሽ ካሰው። የቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ 50፣ 100፣ 200 ኪሎዋት ሰዓት እያለ ይወጣል፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ዋጋው በየ3 ወሩ ለ4 ዓመት እንዲጨምር ተደርጓል። ምጣዱ 68፣ ፍሪጅና መብራቱ 35 ለሚፈጁበት ቤት 8 ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት አይደለም፤ ከ100 በታች ያስቀራል። ኢንጂነሩ በመልስ 12 ይህን ሳያንገራግር ተቀበለ።

መልስ 13 ሁለቱም የዘነጉትን አነሳች። በየ4 ቀኑ የሚጋግር ሻጋታን ይወቅ። ከ10 እንጀራ 1 ቢሻግት በወር 30 እንጀራ፣ 6 ኪሎ ዱቄት፣ ከ5 በላይ ኪሎዋት ሰዓት ይደፋል፤ በየ4 ቀኑ መጋገር ካተረፈው ይበልጣል ማለት ይቻላል። ሻጋታ የሚመጣው ከወበቅ ነው። እንጀራው ሰፌድ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አይደራረብ፤ መሶቡ በ15 ቀን አንዴ ፀሐይ ይሙቅ፤ ከሥር የሚነጠፈው ጨርቅ በየጋገራው ይቀየር። በ3ኛው ቀን ማታ የሚተርፍ ከታየ ሳይጠብቁ ቆራርሶ ድርቆሽ ማድረግ ነው፤ ድርቆሽ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል፣ ለፍርፍርም ከትኩሱ ይልቅ ወጥ ይይዛል። የሻገተውን ክፍል ቆርጦ ቀሪውን ማድረቅ ግን አይሆንም፤ ሻጋታው ከሚታየው አልፎ ይሄዳል።

መልስ 14 እና 15 የከሰል ናቸው። ላቀች የሚባለው ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል፣ ውስጡ ያለው ሸክላ ካልተሰነጠቀ። ወጡ ሲወርድ የቀረው ፍም ክዳን ባለው ጣሳ ይታፈን፤ ለነገ ቡና ይሆናል። በእንጨት ለሚጋግር ምርጥ የሚባለው ምድጃ ከ3 ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሽምብራና ባቄላ ለ12 ሰዓት ያህል ካልተዘፈዘፈ የቱም ምድጃ አያድነውም። 15ኛው በብርድ ጊዜ ፍም መኝታ ቤት ማስገባት እንደሚገድል ብቻ ጽፎ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ነው ክሩ የተመረረው። መልስ 16 የቤት ሽሮ መጠን ሰጠ፤ 6 ኪሎ ሽምብራ፣ 3 ኪሎ አተር፣ 1 ኪሎ ባቄላ። እዚህ ድረስ መልካም ነው። ቀጥሎ ግን ሽምብራ ስለተወደደ ግማሹን በጓያ መተካት እንደሚቻል፣ የደንቢያ ገበሬ ሲበላው እንደኖረ አከለ። መልስ 17 ማንንም አያ ወይም ወንድሜ ሳይል፣ እንዲህ ያለ ምክር የሰው እግር እንደሚሰብር ጻፈ። ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለ። ለ2 ወይም 3 ወር ዋና ምግብ ሲሆን ከወገብ በታች ያሽመደምዳል፤ ከያዘ አይመለስም። ደንቢያና ፎገራ ይህ በሽታ በወረርሽኝ መልክ ከታየባቸው አካባቢዎች ናቸው፣ ምሳሌ ሆነው የሚጠሩትም ለዚህ ነው እንጂ ለብልሃታቸው አይደለም።

መልስ 18 የሚጎዳው እንፋሎቱ ነው፣ ሲቀቀል ራቅ ማለት ይበቃል አለ። ይህን አባባል ብዙ ቤት እሰማዋለሁ። 19ኛዋ የጤና ባለሙያ መሆኗ ያስታውቃል፤ ቁጣ ሳትጨምር አስተካከለችው። ጉዳቱ ከመብላት ነው፤ እንፋሎት ማንንም አይሰብርም። መዘፍዘፍና የዘፈዘፉበትን ውሃ መድፋት መርዙን ይቀንሳል፣ አያጠፋም፤ ቆልቶ መፍጨትም እንደዚያው። ገንዘብ ባጠረበት ቤት ደግሞ ሽሮ በሳምንት አንዴ ሳይሆን በየቀኑ ስለሚበላ አደጋው የሚብሰው በትክክል ቁጠባ በሚፈልገው ላይ ነው። የተፈጨ ሽሮ ውስጥ ጓያ ለይቶ ማወቅ ስለማይቻል ጥሬው ይገዛ፤ የጓያ ፍሬ ጠርዛማ ነው፣ የሽምብራ ደግሞ ሹል አፍንጫ አለው። ክክ ከሆነ ግን ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ ዓይን ይሳሳታል። 16ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ውሃው ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ጎንደር ውስጥ ሆኖ መዘግየቱም ይገርማል። መልስ 20 እንዳሰላው 1 ሊትር ጠርሙስ በ1 ሰዓት የሚሞላ የሚንጠባጠብ ቧንቧ በወር 720 ሊትር፣ 36 ጀሪካን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አንድ ጎሚኒ ብቻ ነው። ጣሪያ ላይ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር 1 ሊትር ይሰጣል። 40 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ በአሸንዳና በመፍሰስ የሚጠፋው ተቀንሶ 16 ጀሪካን ያህል ይያዛል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ የወፍ ኩስና አቧራ ይዞ ስለሚወርድ ይደፋ፤ ቀሪው ለልብስና ለሽንት ቤት ይሁን። መልስ 21 አንድ የማይታወቅ ነገር ጨመረ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቀድሞ የሚመጣው አየር ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል፤ ቧንቧውን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው ለነፋስ ይከፍላል። ስለዚህ ውሃ በጠፋበት ሰዓት ሁሉም ቧንቧ ይዘጋ፣ ሮቶ ያለውም መግቢያውን ቀስ አድርጎ ይክፈት።

መልስ 22 ስለ ቤት ኪራይ ነበር፣ መልስ 23 ለጥምቀት እንግዳ ሲበዛ የዶሮና የሽንኩርት ዋጋ ስለሚሰቀልበት ጊዜ። ሁለቱንም የሚከተል አልተገኘም፤ 24ኛው ወደ ገበያ መለሰን። ሚዛን የተጠራጠረ ሰው ያልተከፈተ ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ ይዞ ይሂድ፤ ከ2 ኪሎ ጥቂት ግራም በላይ መመዘን አለበት። 2 ኪሎ ከ200 ካለ ሚዛኑ እየጨመረ ነው፣ ያለ ጭቅጭቅ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል። የተፈጨ በርበሬም በብርጭቆ ውሃ ላይ ይነስነስ፤ የሸክላ አፈር ካለበት ወዲያው ሥር ይዘቅጣል።

መልስ 25 ጎረቤቶች ተዋጥተው በታኅሣሥና በጥር፣ ምርት በሚገባበት ጊዜ፣ ብዙ ኩንታል አንድ ላይ እንዲገዙ መከረ። ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ከወለል ከፍ ብሎ ርብራብ ላይ ከተቀመጠ ዓመትም ይቆያል። ሽምብራ ግን ይደፈራል፣ ለሱ የነቀዝ ክኒን ከረጢቱ ውስጥ መጣል ይበቃል ብሎ ጨረሰ። በ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ሰው ተነሳበት፤ 26፣ 27፣ 28። ክኒኑ እርጥበት ሲነካው የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ቤት፣ በአንድ ክፍል በሚኖር ቤተሰብ መካከል የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ምትኩ ባለ 3 ንብርብር አየር የማያስገባ ከረጢት ነው። እህሉ በደንብ ይድረቅ፣ እያንዳንዱ ንብርብር አየሩ ተጨፍልቆ ለየብቻው ይታሰር፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። በየሳምንቱ እየከፈቱ መቅዳት ግን ሥራውን ያፈርሰዋል፤ የወሩ አንድ ጊዜ ወጥቶ ቀሪው ተመልሶ ይታሰር። 25ኛው ይቅርታ ጠይቆ መልሱን አረመ፤ በዚህ ክር ይህን ያደረገ እሱ ብቻ ነው።

መልስ 29 የመልስ 1 እናት ናቸው። ቅቤ የሚገዛው በዐቢይ ጾም አጋማሽ እንጂ በፋሲካ ሳምንት እንዳልሆነ፣ በዝግታ ተነጥሮ አረፋው ሲጠራና ሥሩ ሲረጋ ወርዶ በደረቅ ማሰሮ ከተከደነ እስከ በዓሉም ከዚያም በኋላ እንደሚቆይ አስታወሱ። እርጥብ ማንኪያ የነካው ቅቤ እንደሚሸት ሳይነግሩንም አላለፉ።

ጠያቂዋ በመልስ 30 ተመለሰች። 40 ኪሎ ጤፍና 20 ኪሎ ስብርባሪ ሩዝ ልታስፈጭ መሆኑን ገልጻ፣ በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ ላይ ብትደርስ ምን እንደምታደርግ ጠየቀች። መልስ 31 ከወፍጮ ቤት ሰው ይመስላል። የመጀመሪያው 2 ኪሎ ሩዝ ብቻውን ይለቀቅ፣ ድንጋዩን ያጥባል፤ ያ ዱቄት ቀላ ብሎ ይወጣልና ለብቻው ተይዞ ለቂጣ ይሁን። ቅይጡ ከዚያ በኋላ ይግባ። አርብ ከሰዓት በኋላ ግን ለቅዳሜ ገበያ የሚያስፈጨው ሰው ስለሚበዛ ድንጋይ እስኪጠራ የሚጠብቅ የለም፤ ማክሰኞ ጠዋት ትሂድ።